ማይክሮአርኤንኤ እና ከመጠን ያለፈ ውፍረት

ማይክሮአርኤንኤ በእንስሳትና በዕፅዋት ህዋሳት ውስጥ የሚገኝ፣ 22 ኑክሊዮታይድ ገደማ ርዝመት ያለው አጭር የአርኤንኤ ዓይነት ነው። ራሱ ፕሮቲን አይሠራም፤ ሥራው ሌሎች ጂኖች የሚያስገኙትን የፕሮቲን መጠን መቆጣጠር ነው። በስብ፣ በጉበት፣ በጡንቻና በቆሽት ህዋሳት ውስጥ ያለው መጠን መዛባቱ ከመጠን ካለፈ ውፍረት፣ ከሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታና በጉበት ላይ ከሚከማች ስብ ጋር ተያይዞ ይጠናል። የምግብ እጥረትና ውፍረት ጎን ለጎን በሚታዩባቸው እንደ አዳማ ባሉ የኢትዮጵያ ከተሞች ጉዳዩ የተለየ ትርጉም አለው።

ግኝት

የመጀመሪያው ማይክሮአርኤንኤ ሊን-4 ይባላል። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን፣ 1 ሚሊሜትር ገደማ ርዝመት ባለው ትል ላይ ባደረጉት ጥናት ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ አደረጉ። ግኝቱ ለዓመታት የትሉ ብቻ ባሕርይ ተደርጎ ታይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ግን የራቭከን ቡድን ሌት-7 የተባለው ሌላ ማይክሮአርኤንኤ በሰውና በብዙ እንስሳት ውስጥ እንዳለ አሳየ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች የ2024 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

አሠራር

በዲኤንኤ ላይ ያለ መመሪያ መጀመሪያ ወደ መልእክተኛ አርኤንኤ ይገለበጣል፤ ፕሮቲን የሚሠራው ከዚህ ግልባጭ ነው። ማይክሮአርኤንኤ ከግልባጩ ጋር በከፊል ይጣመርና ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግዳል፣ ወይም ግልባጩ ፈጥኖ እንዲፈርስ ያደርጋል። አንድ ማይክሮአርኤንኤ ብዙ ጂኖችን ይነካል፤ አንድ ጂንም በብዙ ማይክሮአርኤንኤዎች ሊመራ ይችላል።

በስኳርና በስብ አጠቃቀም ላይ ያለው ሚና

ቆሽት፦ ሚር-375 ኢንሱሊን በሚያመነጩ ህዋሳት ውስጥ በብዛት ይገኛል። ሲበዛ የኢንሱሊን መመንጨት ይቀንሳል። ጨርሶ የሌላቸው አይጦች ደግሞ ኢንሱሊን አመንጪ ህዋሳቸው አንሶ የደማቸው ስኳር ከፍ ይላል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ተመጣጣኝ መጠን ነው።

ጉበት፦ ሚር-122 በጉበት ውስጥ ከሁሉም በብዛት የሚገኘው ነው። በአይጦች ላይ ሲታገድ የደም ኮሌስትሮል ቀንሷል። ሚር-103 እና ሚር-107 በወፈሩ አይጦች ጉበት ውስጥ ይበዛሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት ሲታገዱ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ተሻሽሏል።

የስብ ህዋስ፦ ስብ የጉልበት ማከማቻ ብቻ አይደለም። የስብ ህዋሳት ማይክሮአርኤንኤን በጥቃቅን ከረጢቶች አሽገው ወደ ደም ይለቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት እነዚህ ከረጢቶች በጉበት ውስጥ ያለን የጂን ሥራ መለወጥ እንደሚችሉ አሳይቷል።

የእናት አመጋገብና የኋላ ዘመን ጤና

በፅንስነት የተጎዳ ልጅ ሲያድግ ለስኳር በሽታ ይበልጥ እንደሚጋለጥ ከታወቀ ቆይቷል። ከምክንያቶቹ አንዱን ሚር-483-3ፒ ይጠቁማል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት፣ በእርግዝና ጊዜ ፕሮቲን ያነሰው ምግብ ከተመገቡ እናቶች የተወለዱ አይጦችና በአነስተኛ ክብደት የተወለዱ ሰዎች በስብ ህዋሳቸው ውስጥ ይህ ማይክሮአርኤንኤ በዝቶ ተገኝቷል። ሲበዛ የስብ ህዋሱ ስብ የመያዝ አቅም ይቀንሳል። ትርፍ ስብ ማከማቻ ሲያጣ ወደ ጉበትና ጡንቻ ይሄዳል፤ ይህም ኢንሱሊን በሚገባ እንዳይሠራ ያደርጋል። ሰውየው እጅግ ወፍራም ሳይሆንም ሊታመም የሚችልበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

አዳማ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መስመር ላይ ያደገች የንግድ ከተማ ናት። በአቅራቢያዋ የሚገኘው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ማምረት ጀምሯል። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ እንደሌሎች የአገሪቱ ከተሞች ሁሉ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ፣ ባጃጅ፣ ለስላሳ መጠጥና በዘይት የተጠበሰ ምግብ የዕለት ኑሮ አካል ሆነዋል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከመጠን ያለፈው እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 3 በመቶ ወደ 8 በመቶ አድጓል። በከተማ 21 በመቶ፣ በገጠር 4 በመቶ ነበር። በዚያው ጥናት 22 በመቶ ሴቶች ከሚገባው በታች ቀጭን ነበሩ፤ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶዎቹ ለዕድሜያቸው አጭር ነበሩ። በእጥረት ተወልዶ በከተማ ምግብ የሚያድግ ትውልድ ከላይ የተገለጸው አደጋ ሊደራረብበት ይችላል። በዚህ ምክንያት የነፍሰ ጡርን ምግብ ማሻሻል የስኳር በሽታን የመከላከል ሥራም ነው።

ምርመራና ሕክምና

ማይክሮአርኤንኤ በደም ውስጥ ስለሚለካ በሽታን አስቀድሞ ለመጠቆም ያገለግል እንደሆነ ይጠናል፤ ነገር ግን የስኳር በሽታ መደበኛ ምርመራ አልሆነም። በሽታው የሚታወቀው በደም ስኳር ልኬት ነው፦ ምግብ ሳይበሉ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ሲሆን።

ሕክምናውም ቀላል አይደለም። ሚር-33 ሲታገድ በአይጦችና በጦጣዎች ደም ውስጥ ጠቃሚው ኮሌስትሮል ጨምሯል፤ ሚር-33 ጨርሶ የሌላቸው አይጦች ግን ወፍረዋል፣ ጉበታቸውም ስብ ሞልቶታል። አንዱን ማይክሮአርኤንኤ መንካት ብዙ ጂኖችን መንካት ነውና፣ እስከ 2024 ድረስ በዚህ መንገድ ውፍረትን ወይም የስኳር በሽታን ለማከም የተፈቀደ መድኃኒት አልነበረም። የተመጣጠነ ምግብ፣ የአካል እንቅስቃሴና እንደ ሜትፎርሚን ያሉ መድኃኒቶች ዋናዎቹ ሕክምናዎች ናቸው።