በአቃቂ የሠራተኛ እናትን ልጅ ማን ጠበቀ?

ስለ አቃቂ ፋብሪካዎች ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ መሣሪያውና ስለ ምርቱ ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ አንድ የተዘነጋ ጥያቄ እናነሣለን፤ ይኸውም እናት ወደ ፋብሪካ ስትገባ ሕፃኑ ከማን ዘንድ ይውል ነበር? የሚል ነው።

እንደሚታወቀው ጥጥ መፍተል በአገራችን የቆየ የሴቶች ሥራ ነው። ባለ እንዝርቷ ልጅዋን ከጎንዋ አስተኝታ ትፈትላለች፤ ሲያለቅስ ታጠባለች። በ1950ዎቹ ዓ. ም. መጀመሪያ የኢትዮጵያና የህንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በአቃቂ ሲቋቋም ግን ያው ጥጥ በመኪና ይፈተል ጀመር። መኪናውም ሕፃን ከጎኑ አያስተኛም፤ ፈረቃውም የልጅን ልቅሶ አይጠብቅም።

የልማድ ጊዜና የሕግ ጊዜም አልተገናኙም። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድ ወንድ በ40፥ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች። የ1985 ዓ. ም. የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 42 ግን ከወሊድ በኋላ የሰጠው 60 ቀን ነው። ስለዚህ ሴት ልጅ የወለደች ሠራተኛ ልጅዋ ክርስትና ሳትነሣ ወደ ሥራ መመለስ ነበረባት። ይህ ወደ 90 ቀን ከፍ ያለው በ2011 ዓ. ም. በአዋጅ ቁጥር 1156 ነው።

ከዚያ በኋላስ? መዋለ ሕፃናት የሚቀበለው 4 ዓመት ገደማ የሆነውን ልጅ ነው። ኢትዮጵያ የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለባቸው ሠራተኞች የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥር 156 በ1983 ዓ. ም. አጽድቃለች። በ2010 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዘዘ። ይሁን እንጂ በዓመቱ የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ፋብሪካዎችን እንዲህ አላስገደደም። በአንድ ከተማ የጸሐፊዋ ልጅ ማቆያ በሕግ ሲታዘዝለት፥ የፈታይዋ ልጅ ለዘመድ ተተወ።

በእኛ አስተያየት ክፍተቱን የሞሉት አያት፥ ከገጠር የመጣች ዘመድና ታላቅ እኅት ናቸው። እኅቲቱ ሕፃን ስትጠብቅ ከትምህርት ቤት ከቀረች፥ የጨርቁን ዋጋ በከፊል የከፈለችው እርስዋ ናት። የአቃቂን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህንንም ድካም ሊቈጥረው ይገባል።