የጣና ነጭ ዓሣ፦ አንድ መስሎ የሚታየው አሥራ አምስት ነው

በባሕር ዳር ምግብ ቤቶች “ነጭ ዓሣ” ተብሎ የሚቀርበው አንድ ዓይነት ዓሣ አይደለም። ተመራማሪዎች ላቢዮባርበስ ብለው የሚጠሩት ይህ ወገን በጣና ሐይቅ ውስጥ 15 ያህል ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ አብዛኞቹ በሌላ በየትኛውም የዓለም ክፍል አይገኙም። በዚህ ጽሑፍ ዝርያዎቹ እንዴት እንደታወቁ፣ ለምን እንደተመናመኑና ምን ሊደረግላቸው እንደሚገባ ለማቅረብ እሞክራለሁ።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ በአማካይ ከ8 ሜትር፣ ቢበዛም ከ14 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ከሐይቁ መውጫ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ የታችኛው ዓባይ ዓሦች ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ የሚያግድ የተፈጥሮ ግድግዳ ነው። የሐይቁን ደለል ያጠኑ ተመራማሪዎች ጣና ከ15 ሺሕ ዓመታት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር ደርሰውበታል። ስለዚህ የዛሬዎቹ ዝርያዎች አሁን ባለው ሐይቅ ውስጥ መኖር የጀመሩት፣ በተፈጥሮ ታሪክ መለኪያ፣ ትናንት ነው ማለት ይቻላል።

ጀርመናዊው አሳሽ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተወሰኑትን እየለየ ስም ሰጥቷቸው ነበር። በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ አንድ ጥናት ሁሉንም ጠቅልሎ መልኩ የሚለዋወጥ አንድ ዝርያ አደረጋቸው። ይህን አመለካከት የቀየረው በ1990ዎቹ በሐይቁ ላይ የተካሄደው ጥናት ነው። በኔዘርላንድ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ሊዮ ናገልኬርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የዓሦቹን የአፍ ቅርጽ፣ የሰውነት መጠን፣ ምግባቸውንና የሚውሉበትን ጥልቀት እያነጻጸሩ ዝርያዎቹ የተለያዩ መሆናቸውን አሳዩ። ዶ/ር ተስፋዬ ውድነህ በባሕር ዳር ባሕረ ሰላጤ የዓሣ ሀብት ላይ፣ ዶ/ር እሸቴ ደጀን ደግሞ ትልልቆቹ በሚመገቧቸው ትንንሽ ዓሦች ላይ የሠሯቸው የዶክትሬት ጥናቶች የዚሁ ሥራ አካል ናቸው።

ከ15ቱ ውስጥ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አዳኝ መሆናቸው የሳይንሱን ዓለም አስደንቋል። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው፤ የሚያዋህድ ጨጓራም የላቸውም። እንዲህ ያለ አፈጣጠር ይዘው አዳኝ መሆናቸው፣ ያውም በአንድ ሐይቅ ውስጥ ስምንት ዓይነት ሆነው፣ ዝግመተ ለውጥ እንዴት እንደሚሠራ በዓይን የሚያሳይ ምሳሌ ነው።

ችግሩ የመጣው ሳይንሱ እያወቃቸው በነበረበት በዚያው ጊዜ ነው። ለብዙ ዘመን የጣና ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳ ከዳር እየሠራ የሚተዳደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገቡ፤ ገበያውም እስከ አዲስ አበባ ተዘረጋ። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2001 (እ.ኤ.አ.) የተደረጉ የሙከራ አጠማዎችን ሲያነጻጽሩ፣ የነጭ ዓሣው መጠን በክብደት 75 በመቶ ገደማ ቀንሶ አገኙት።

ቀረሶና አምባዛ ያን ያህል ሳይጎዱ ነጭ ዓሣ ለምን ተመናመነ? መልሱ በአረባቡ ላይ ነው። ቀረሶ ከሐይቁ ሳይወጣ ይራባል፤ እንቁላሉንም በአፉ ይዞ ይጠብቃል። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ግማሽ የሚጠጉት ግን በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት፣ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይና ሌሎች ገባር ወንዞች ወጥተው ጠጠርና ፈሳሽ ውኃ ባለበት ይራባሉ። ከመውጣታቸው በፊት በወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። አጥማጁም ይህን ስለሚያውቅ መረቡን የሚዘረጋው እዚያው ነው። ዘግይቶ ለአካለ መጠን የሚደርስ ዓሣ ገና ሳይራባ በብዛት ከተያዘ የሚተካው ትውልድ አይኖርም። በጅረቶቹ ውስጥ የብርብራ ፍሬ እየተወቀጠ ዓሣ ለማደንዘዝ መዋሉም ጉዳቱን ያብሳል።

ዛሬ ሌሎች ጫናዎች ተጨምረዋል። በርብ ወንዝና በግልገል ዓባይ ገባር በቆጋ ላይ ለመስኖ የተሠሩት ግድቦች ለገበሬው ጠቃሚ ቢሆኑም የዓሣውን መንገድ ይቆርጣሉ። ከተራቆተው ተዳፋት የሚታጠበው ደለል ጠጠሩን ይሸፍነዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መኖሩ የታወቀው እምቦጭም የዳር ዳሩን መራቢያና መዋያ ወርሮታል።

መጨረሻው ምን ሊሆን እንደሚችል ለማየት ወደ ፊሊፒንስ መመልከት ይበቃል። የላናኦ ሐይቅ እንደ ጣና ሁሉ የራሱ ብቻ የሆኑ የዚሁ ቤተሰብ ዓሦች ነበሩት። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ.) ከእነዚያ ዝርያዎች 15ቱ ከምድር መጥፋታቸውን አስታወቀ። ምክንያቶቹ ከውጭ የገቡ አዳኝ ዓሦች፣ ከልክ ያለፈ አጠማና ጎጂ የማጥመጃ ዘዴዎች ነበሩ። ከእንግዲህ በዓለም ላይ ለዚህ ዓይነቱ ስብስብ ዋነኛው መጠለያ ጣና ነው።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ክልሉም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። ጣናም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እኔ እንደሚመስለኝ የሚቀረው ሕጉን ከዓሣው የቀን መቁጠሪያ ጋር ማገናኘት ነው። መላውን ሐይቅ መዝጋት አያስፈልግም፤ አጥማጁም እንጀራውን ማጣት የለበትም። የወንዞቹ አፍ ለእነዚያ ጥቂት የክረምት ወራት ብቻ ከመረብ ነፃ ቢሆን፣ በዚያው ጊዜ በሌላው የሐይቁ ክፍል ቀረሶና አምባዛ ማጥመድ ይቻላል። ከግድቦቹም በመራቢያ ወቅት ለዓሣው የሚበቃ ውኃ ሊለቀቅ ይገባል። የባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልም ዓሣውን ሳያቋርጥ እንዲቆጥር በጀት ሊመደብለት ያስፈልጋል፤ ያልተቆጠረ ነገር መጉደሉ አይታወቅምና።

ከተሜው አንባቢም ድርሻ አለው። ዓሣ ለሚመገቡ ጿሚዎች የፍልሰታ ጾም የሚውለው በነሐሴ፣ ዓሣው በሚራባበት ወር ነው። በዚያ ሰሞን “ነጭ ዓሣ ነው ወይስ ቀረሶ?” ብሎ አስተናጋጁን መጠየቅና ቀረሶውን መምረጥ ቀላል ነገር ነው። ገበያው በነሐሴ ነጭ ዓሣ ካልጠየቀ፣ በጉማራ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብም ይቀንሳል።