ሁለቱ ዲማዎች

የፍልስፍና መግቢያ የሚባል መጽሐፍ ሁሉ በአንድ በር ነው የሚያስገባን። ሽፋኑን እንደገለጥን ሚሌጦስ የምትባል ጥንታዊ ከተማና ታሌስ የሚባል ሰው ይቀበሉናል፤ ሰውየው የነገር ሁሉ መነሻ ውኃ ነው ይላል። ከእሱ ኋላ ሶቅራጥስ፣ ፕላቶና አርስቶትል ይከተላሉ። ደራሲው ቸር ከሆነ ከቻይና ኮንፊሽየስን፣ ከህንድ ቡድሃን ይጨምርልናል። ከዚያ ዴካርት፣ ካንት፣ ሄግልና ማርክስ ይሰለፋሉ። አፍሪካ ከመጣችም የምትመጣው በመጨረሻው ምዕራፍ ነው፤ ሠርግ ቤት አርፍዶ እንደደረሰ እንግዳ በር ጥግ ትቀመጣለች።

እኛ አገር ይህ ትምህርት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ «ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ» በሚል ስም ለዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች በጋራ ኮርስነት መሰጠት ጀምሯል። እኔም ለጀማሪዎች ሳስተምር የገጠመኝን አንድ ጥያቄ ነው ዛሬ የማነሣው። ጠያቂው ከጋምቤላ ክልል፣ ከዲማ የመጣ የአኙዋክ ልጅ ነው። ስለ ዘርዓ ያዕቆብ ተነጋግረን፣ እንግዲህ እኛም የራሳችን ፈላስፋ አለን ተባብለን ልንለያይ ስንል እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እሱ የእናንተ ነው። የእኛስ?»

ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም። ነገሩ ኩርፊያ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ የፍልስፍናን ታሪክ ለሚያጠና ሰው ግን ከዚህ የከበደ ጥያቄ ብዙ የለም። እስቲ ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የእናንተ» ከተባለው እንጀምር። ግሪኮቹ ወደ አገራችን የገቡት በዩኒቨርሲቲ በር አይደለም። የእንስሳትን ጠባይ እያነሣ ምግባር የሚያስተምረው «ፊሳልጎስ» ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በአክሱም ዘመን እንደሆነ ይታመናል። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ አባ ሚካኤል የተባሉ ሊቅ «መጽሐፈ ፈላስፋ»ን ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱት። በሶቅራጥስና በአርስቶትል ስም የሚነገረው ምክር ከግሪክ ተነሥቶ፣ በዓረብኛ ጸሐፊዎች እጅ አልፎ፣ እኛ ደብር ገባ ማለት ነው።

ከዚያ «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» አለ። ጽሑፉ እንደሚተርከው ዘርዓ ያዕቆብ በ1599 አክሱም አካባቢ ተወለደ፤ ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ በሆኑበት ዘመን ተከሶ ሸሸና ሁለት ዓመት ያህል ዋሻ ውስጥ ኖረ። ንጉሡ በ1632 ከሞቱ በኋላ እንፍራዝ ሆኖ ኖረ፤ ሐተታውንም በ1667 ጻፈ። ሁሉም «የኔ ሃይማኖት ብቻ ልክ ነው» ካለ ዳኛው ማነው ብሎ ይጠይቅና መልሱን በልቡና ብርሃን ይፈልጋል። ሰው ሁሉ በፈጣሪው ፊት እኩል ስለሆነ ሰውን እንደ ከብት መግዛትና መሸጥ ልክ አይደለም ይላል። ካናዳዊው ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር እነዚህን ጽሑፎች «የኢትዮጵያ ፍልስፍና» በሚል ርእስ ከ1974 እስከ 1982 በአምስት ቅጽ አውጥተው ለዓለም አስተዋውቀዋል።

ነገሩ ያለ ክርክር አልቀረም። ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ በ1920፣ ሐተታውን የጻፈው ዘርዓ ያዕቆብ ሳይሆን በ19ኛው መቶ ዘመን አገራችን የነበረው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ። ዓለማየሁ ሞገስን የመሰሉ የእኛ ሊቃውንት መልስ ሰጡ፣ ሰምነርም ተከራከሩ፤ ጉዳዩ ዛሬም አልተዘጋም። ብዙዎቻችን ይህን ክርክር ስንሰማ ደማችን ይፈላል። ምክንያቱም ከጀርባው «አፍሪካዊ እንዲህ ማሰብ ይችላል እንዴ?» የሚል ሹክሹክታ ይሰማናል። ሹክሹክታው ባዶ ጥርጣሬ አይደለም። ሄግል በ1820ዎቹ ስለ ታሪክ ፍልስፍና ባስተማረው ትምህርት አፍሪካን ከዓለም ታሪክ ውጪ አስቀምጧታል።

እሺ። ሄግል እኛን በር ላይ አቆመን። እኛስ ማንን በር ላይ አቆምን?

የጋምቤላ ልጅ «የእናንተ» ሲል ታሪክ አለው። የደጋው ሰው የምዕራቡን ቆላ ሕዝብ ለረጅም ዘመን ሲጠራ የኖረው ሕዝቡ ራሱን በሚጠራበት ስም አልነበረም፤ በቆዳው ቀለምና በስድብ እንጂ። ከዚያ ቆላ ሰው እየታደነ ይሸጥ ነበር። ባርነትን ፈጽሞ የሻረው ሕግ የወጣው በ1942 ነው። ሐተታው ሰው ሁሉ እኩል ነው ብሎ ከጻፈ ስንት ዘመን በኋላ! የራሳችንን ፈላስፋ አላነበብነውም፣ ወይም አንብበን ሌላውን ሰው ከ«ሰው ሁሉ» ውስጥ አልቆጠርነውም።

ዲማ የሚለውን ስም እንኳ እንየው። ለብዙው አማርኛ አንባቢ ዲማ ማለት ጎጃም ያለው ዲማ ጊዮርጊስ ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ያውቀዋል። የቅኔና የመጻሕፍት አገር ነው። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ሲቆጥር ውሎ ያገኘውን ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን መፈለግ የአእምሮ ሥራ እንደሆነ ማንም አይጠራጠርም።

ሌላው ዲማ ጋምቤላ ክልል ደቡብ ጫፍ ላይ፣ ወደ አኮቦ ወንዝና ወደ ደቡብ ሱዳን ድንበር የተጠጋው ነው። ስሙ ሲነሣ ወይ በባህላዊ የወርቅ ቁፋሮ ነው፣ ወይ በስደተኛ። በ1980ዎቹ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች መጠለያ ነበረበት፤ በ1991 ደርግ ሲወድቅ ብዙዎቹ መልሰው ወደ ሱዳን ሸሹ። በጭንቅላታችን በሳልነው ካርታ ላይ ጎጃም ዲማ ሰው ያስባል፣ ጋምቤላ ዲማ ሰው ይቆፍራል ወይም ይሰደዳል። ያስባል ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ከጠየቁት አንዱ እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ኢቫንስ ፕሪቻርድ ነው። በ1935 አኙዋኮች ዘንድ መጣ፤ በ1940 እና 41 ደግሞ አኙዋክ ተዋጊዎችን ይዞ በጊሎና በአኮቦ ወንዞች አካባቢ ጣሊያንን ወጋ። ስለ አኙዋክ የፖለቲካ ሥርዓት የጻፈው ጥናት በ1940 ታትሟል። በብዙ የአኙዋክ መንደሮች ኩዋሮ የሚባል አለቃ ነበር። ሰው ለኩዋሮው ያጎነብሳል፣ በሥራ ያግዘዋል። ኩዋሮውም በፈንታው ማብላት፣ መስጠት አለበት። ሲሰስት ወይም የሚሰጠው ሲያጣ መንደሩ ይነሣበትና ከዚያው ዘር ሌላ ሰው ይተካል፤ የተሻረው ከመንደሩ ወጥቶ ይሄዳል። ይህ መነሣት አጌም ይባላል።

ጆን ሎክ በ1689 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሥልጣን አደራ ነው፣ አደራውን የበላ ገዥ ሊነሣ ይችላል አለ። እሱን በፖለቲካ ፍልስፍና ምዕራፍ እናስተምረዋለን። አጌምን ግን «ባህላዊ ልማድ» ብለን እናልፈዋለን። አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ሎክ ምክንያቱን በየአንቀጹ ጽፏል፣ ይከራከራል። ነገር ግን አጌም ውስጥ አንድ ሐሳብ አለ፦ መከበር የሚጸናው በመስጠት ነው። ይህን ሐሳብ ፈልፍሎ ለማውጣት ጠያቂ ያስፈልጋል።

መጠየቅ ደግሞ ቀላል አይደለም። ኡጋንዳዊው ደራሲ ኦኮት ፒቢቴክ የጻፈው አንድ ታሪክ አለ። ሕዝቡ አቾሊ ሲሆን ቋንቋቸው ከአኙዋክ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ የሉኦ ቤተሰብ። በ1911 ጣሊያን ካህናት የአቾሊ ሽማግሌዎችን ሰብስበው «ማን ፈጠራችሁ?» ሊሉ ፈለጉ። በቋንቋው «መፍጠር» የሚል ራሱን የቻለ ቃል ስለሌለ ጥያቄው «ማን ጠፍጥፎ ሠራችሁ?» ሆነ። ሽማግሌዎቹ ግራ ገባቸው፤ ሰው ከእናቱ ይወለዳል እንጂ እንደ ገንቦ አይሠራም። አናውቅም አሉ። ካህናቱ መልስ ካልሰጣችሁን ሲሉ አንዱ ሽማግሌ አንድ ነገር ትዝ አለው። ደህና የተወለደ ሰው በአከርካሪ በሽታ ሲጎብጥ የሚያጎብጠው ሩባንጋ የሚባል ክፉ መንፈስ ነው። እናም «ሰውን የሚጠፈጥፍ ሩባንጋ ነው» አለ። ፒቢቴክ እንደሚለው ጎባጣ የሚያደርገው መንፈስ ስም ለፈጣሪ የተሰጠው በዚህ መንገድ ነው።

ታሪኩ ያስቃል፣ ግን ያሳስባል። አኙዋኮችም ጁኦክ የሚሉት ቃል አላቸው። «እግዚአብሔር» ብለን ተርጉመን ብንቀመጥ ቃሉ በራሱ ቋንቋ የሚሠራውን ሥራ ሳናየው እንቀራለን። ጋናዊው ፈላስፋ ክዋሲ ዊሬዱ፣ ከውጪ የመጣን ሐሳብ በራስህ ቋንቋ ፈትነው ይል የነበረው ለዚህ ነው። በአማርኛ እንሞክረው። ዴካርት በ1637፣ የማስብ ከሆነ መኖሬን መጠራጠር አልችልም ሲል ጻፈ። ፈረንሳይኛው ለ«ነኝ» እና ለ«አለሁ» በአንድ ግስ ይበቃዋል፤ አማርኛ ግን ሁለቱን ይለያል። «እንዴት ነህ?» ሲሉን «አለሁ» እንላለን፤ ለወዳጅ ደግሞ «አለሁልህ» እንላለን። የእኛ መኖር ሰው የሚጠይቅበትና ለሰው የሚደርስ ነገር ነው። ዴካርት ብቻውን ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ያገኘው «አለሁ» ከዚህኛው ጋር አንድ ነው? ይህን መጠየቅ ራሱ ፍልስፍና ነው። በአኙዋክኛ ስንት እንዲህ ያለ ጥያቄ ተኝቶ ይሆን?

እዚህ ላይ የሚቃወም አለ፣ መቃወሙም ተገቢ ነው። የቤኒኑ ፖሊን ሁንቶንጂ በ1970ዎቹ እንዲህ ሲል ተከራከረ፦ ምሳሌያዊ አነጋገርና ልማድ ለቅሞ «የእገሌ ብሔረሰብ ፍልስፍና» ማለት አፍሪካዊውን መናቅ ነው፤ ሕዝብ በሙሉ በአንድ ጭንቅላት የሚያስብ ያስመስላል። ፍልስፍና ስም ያለው ሰው በምክንያት የሚከራከርበት ነው።

ለዚህ ጥሩ መልስ የሰጠው ኬንያዊው ኦዴራ ኦሩካ ነው፤ እሱም የሉኦ ልጅ። በየገጠሩ ሽማግሌዎችን እየፈለገ ጠየቀ። «ሕዝባችሁ ምን ያምናል?» ብቻ ብሎ አላቆመም። «እርስዎ ራስዎ ይስማማሉ? ለምን?» አለ። አንዳንዱ የሰማውን ብቻ ደገመለት። አንዳንዱ ግን የአባቶቹን እምነት አገላብጦ፣ ይሄ ልክ ነው፣ ያ ልክ አይደለም ብሎ ምክንያቱን አስረዳው። የኋለኞቹን ፈላስፎች አላቸው። ያልጻፈ ሰው ፈላስፋ አይባልም የሚል ካለ ሶቅራጥስም አንድ ገጽ አልጻፈም።

በእኛም አገር ጅምር አለ። ሰምነር በግዕዝ ጽሑፎች አልቆሙም፤ በ1990ዎቹ የኦሮሞን ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ዘፈንና ተረት በሦስት ቅጽ አጥንተው አሳትመዋል። ከብራና ወደ አፍ የሚወስደው መንገድ ተጠርጓል ማለት ነው። ዲማ ድረስ ግን አልደረሰም።

ለዚያ ተማሪ ክረምት ላይ ወደ ቤቱ ሲሄድ የቤት ሥራ ሰጠሁት። አጌምን የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ፈልግና በራሳችሁ ቋንቋ ጠይቃቸው አልኩት፦ መንደሩ ኩዋሮውን ማንሣቱ ሁልጊዜ ልክ ነው? መንደሩ ተሳስቶ ደግ ሰው ቢያነሣስ? አቴናውያን በ399 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሶቅራጥስን በድምፅ ብልጫ ሞት ሲፈርዱበት ፕላቶን ዕድሜ ልኩን ያስጨነቀው ጥያቄ ይኸው ነው። ይህን እኔ ሄጄ ብጠይቅ እንደ ጣሊያኖቹ ካህናት ጎባጣ መልስ ይዤ ልመለስ እችላለሁ። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ነውና ይህ ሥራ የዲማ ልጆች ነው። የእኛ ድርሻ ደግሞ ሲመለሱ በመግቢያው መጽሐፍ ውስጥ ቦታ ለቆ ማዳመጥ ነው፤ ለዚያውም በር ጥግ ሳይሆን ሎክ አጠገብ።

ሥራው ጊዜ አይሰጥም። ብራና ዋሻ ውስጥ ሦስት መቶ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ሽማግሌ አይቆይም። ሐተታው የዘርዓ ያዕቆብ ነው ወይስ የጁስቶ ብለን መቶ ዓመት የተከራከርነው ወረቀቱ ስላለ ነው። አኮቦ ዳር ሳይጠየቁ ስለሚሞቱት ሰዎች የሚከራከር እንኳ አይኖርም።