ባትሪው ሲሞት

ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ላይ የታየውን ብርሃን እንደ ተአምር ቆጥረው እዚያ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ ይባላል (ጅራታም ኮከብ ነበር የሚሉም አሉ)። የሰሜን ሸዋ ገጠር ግን ከዚያም በኋላ ለዘመናት ማታ ማታ በኩራዝ ነበር የሚኖረው።

በ1999 ዓ.ም. ገደማ ከዞኑ መንደሮች አንዷ፣ ሬማ፣ "የፀሐይ መንደር" ሆነች። አንድ የጀርመን ፋውንዴሽን ከሺህ በላይ ቤቶች ላይ ሶላር ሰቀለ። የአንዱ ቤት ፓኔል 10 ዋት ብቻ ነበር፤ የስልካችን ፈጣን ቻርጀር እንኳ ይበልጠዋል። ቢሆንም ትንንሽ ኤልኢዲ አምፖሎችን ያበራል፣ የላምባ ጭስንም ያስቀራል።

እኔን የገረመኝ ፓኔሉ አይደለም። እዚያው ሬማ የሶላር ቴክኒሻኖች ማሠልጠኛ ተከፈተ፣ ተጠቃሚውም ለጥገና በየወሩ ትንሽ ይከፍል ነበር። ሶፍትዌር የሠራ ሰው ይገባዋል፦ ሲስተም መትከል ቀላሉ ነው፣ ሲበላሽ ግን ማን ይደርሳል?

መንግሥት በ2010 ዓ.ም. ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራሙን ጀመረ። በ2011 የተሻሻለው ዕቅድ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ለሁሉም መብራት ለማዳረስ አሰበ፤ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ፣ በአብዛኛው በሶላር። ቀኑ ደረሰ፣ የብዙ ገጠር ቤት ኩራዝ ግን አልጠፋም። እንዲህ ያለ ዕቅድ ስንት ቤት እንደተገናኘ ይቆጥራል። ባትሪ ደግሞ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይሞታል፣ የሞተውን ግን ማንም አይቆጥረውም።