ለገሃር (የአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ)

ለገሃር በአዲስ አበባ መሀል፣ በቸርችል ጎዳና ደቡባዊ ጫፍ የሚገኝ ታሪካዊ የባቡር ጣቢያና በዙሪያው ያለው ሰፈር መጠሪያ ነው። ከጅቡቲ የሚነሣው 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የቀድሞው ሐዲድ የሚያበቃው እዚህ ነበር። የረጅም ርቀት ባቡር ከቀረ በኋላም ቦታው የከተማዋ ትራንስፖርት መገናኛ እንደሆነ ቀጥሏል።

ስያሜ

ስሙ የመጣው «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን «ባቡር ጣቢያው» ማለት ነው። በለገጣፎና በለገዳዲ ስሞች ላይ የሚገኘው «ለገ» ግን ወንዝ የሚል ትርጉም ያለው የኦሮምኛ ቃል ነው፤ መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው።

ታሪክ

ዳግማዊ ምኒልክ ሐዲዱን የመዘርጋት ፈቃድ ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ስለ ከሰረ ግንባታው ለዓመታት ተጓተተ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ካረፉ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ የሚታየው ሕንፃ የፈረንሳዊው አርክቴክት የፖል ባሪያ ሥራ ሲሆን የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ የሚጓዘው በቀን ብቻ ነበር። ከጅቡቲ የተሳፈረ መንገደኛ ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ለገሃር ይደርሳል። ይህ ዛሬ ዘገምተኛ ቢመስልም በሲራራ ሳምንታት ይፈጅ ለነበረው ጉዞ ትልቅ ለውጥ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ወደ ስደት የሄዱትም በዚሁ መስመር ነው።

በጣቢያው ፊት ለፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የፈረንሳዊው ቀራጺ የጆርጅ ጋርዴ ሥራ ሲሆን ከንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ጋር ተያይዞ በ1923 ዓ.ም. ተመረቀ። ጣሊያኖች ዘርፈው ወደ ሮም ወሰዱትና ተርሚኒ ከተባለው የባቡር ጣቢያ አጠገብ አቆሙት፤ ከአንዱ ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ሌላ ባቡር ጣቢያ ጋ መሆኑ ነው። በዘርዓይ ደረስ ታሪክ የሚነሣው አንበሳ ይኸው ነው። ሐውልቱ በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል።

የትራንስፖርት ግንኙነት

የቀድሞው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነበር። እያረጀ ሄዶ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ባቡሩ ወደ አዲስ አበባ መምጣቱን አቆመ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የሐዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር ስለሆነ በአሮጌው ሐዲድ ሊጠቀም አይችልም፤ መነሻውም በከተማዋ ዳር በፉሪ-ለቡ ነው። ስለዚህ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ መንገደኛ እንደ ድሮው መሀል ከተማ አይሳፈርም፤ አስቀድሞ በሌላ ትራንስፖርት ከተማዋን አቋርጦ መውጣት አለበት።

ለገሃር በበኩሉ የአንበሳ አውቶቡስ ዋና መነሻዎች አንዱ ነው፤ ሚኒባስ ታክሲዎችም ይመላለሱበታል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ለገሃር ላይ ፌርማታ አለው። ፌርማታው ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች አንድ ሐዲድ በሚጋሩበት፣ ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው ክፍል ላይ ስለሚገኝ የአያትም የቃሊቲም ተሳፋሪ ያልፍበታል።

በ2011 ዓ.ም. በጣቢያው ዙሪያ ባለው ሰፊ ቦታ ላይ መኖሪያ ቤቶችንና ሆቴሎችን የሚያካትት የለገሃር ፕሮጀክት ተጀምሯል።