ባሩዱ የአገር፣ ቀለሁ የባሕር ማዶ

ሐረር የሄደ ሥነ ጽሑፍ ወዳጅ «የራምቦ ቤት» የሚባለውን ሳያይ አይመለስም። ቤቱ ባለቅኔው የኖረበት አለመሆኑን የሚያውቁ ያውቃሉ፤ ይሁንና ስሙ ይበቃል። ባለቅኔውን ፍለጋ የሚገባው እንግዳ የሚያገኘው ግን ነጋዴውን ነው። አርተር ራምቦ ወደኛ የመጣው ግጥም መጻፍ ከተወ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ቡናና ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስም ሊነግድ። አንድ ጊዜ ደግሞ ጠመንጃና ጥይት ነገደ።

በ1878 ዓ.ም. ታጁራ ወርዶ፣ ላባቱት ከተባለ የአገሩ ሰው ጋር ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ የሚሸጥ መሣሪያ ማሰናዳት ያዘ። ላባቱት ታሞ ሞተ። በኅብረት ለመጓዝ ያሰበው ሶሌዬ የተባለው ነጋዴም ሞተ። ራምቦ በዚያ ንዳድ አንድ ዓመት ገደማ ከቆየ በኋላ፣ በጥቅምት 1879 ዓ.ም. ቅፍለቱን ብቻውን እየመራ በአፋር በረሃ አቋርጦ ወደ አንኮበር ወጣ። ግመሎቹ የተሸከሙት ከ2,000 ጥቂት የሚበልጡ ጠመንጃዎችንና 60,000 ጥይት ነበር።

ብዙዎች ይህን ቁጥር ይጠቅሱታል። ጠመንጃውና ጥይቱ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ መሆናቸውን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ጠመንጃዎቹ በአውሮፓ ጊዜያቸው ያለፈባቸው፣ ባሩድና አረር በአፈሙዛቸው የሚጎርሱ አሮጌ ነፍጦች ነበሩ። ጥይቱ ደግሞ የሬሚንግተን ነው፤ ማለትም ቀድሞ በምኒልክ ሠራዊት እጅ ለገቡት፣ ዘመናዊ ለነበሩት ጠመንጃዎች የመጣ ስንቅ ነው። በአንድ ቅፍለት ላይ ሁለት ዘመን ተጭኖ ነበር ማለት ነው፤ ከአገር ገበያ የሚቀለብ ጠመንጃና ከባሕር ማዶ ካልሆነ የማይቀለብ ጠመንጃ።

የፊተኛው ቀላቢ ከደጃፍ የሚገኝ ነበር። ከሰሉ ከማንኛውም ቀዬ፣ ድኙ ከአፋር ቆላ፣ የባሩዱ ጨው ከአፈር እየታጠበ ይወጣል፤ እርሳሱን አቅልጦ አረር የሚያወርደው ባለእጅም አይጠፋም። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን ሰብስበው መድፍ ያስቀለጡት በዚህ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል መቅደላ ድረስ በሰው ጉልበት ተጎተተ። ንጉሡ ራሳቸውን በገደሉ ማግስት ግን፣ ለካሳ ምርጫ ፊት የሰጠው የታሪክ ዕድል ከጋፋት ሳይሆን ከእንግሊዝ ጦር ሰፈር መጣ፤ ናፒዬር ሲመለስ ጥቂት መድፎችና ከ800 በላይ ጠመንጃዎች ትቶላቸው ሄደ። ካሳ ዐፄ ዮሐንስ ከሆኑ በኋላም፣ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብፅ ጦር የማረኩት ሬሚንግተን የቀድሞውን ነፍጥ ወደ ኋላ ጣለው።

ሬሚንግተንና ከእርሱ በኋላ የገነነው የፈረንሳይ ውጅግራ ከኋላ ይጎርሳሉ። ጥይታቸው የናስ ቀለህ አለው፤ በቀለሁ መቀመጫ መሐል ደግሞ ሲመታ እሳት የሚሰጥ ትንሽ ካፕሱል አለ። ባሩዱ እኛው ዘንድ ይገኛል፤ አረሩም እንዲሁ። ናሱን በልኩ ስቦ ቀለህ የሚያደርግ ማሽን ግን አልነበረንም፤ ካፕሱሉን የሚሠራ ኬሚስትም እንዲሁ። ከጥይቱ ግማሹ የአገር፣ ግማሹ የውጭ ሆነ። ለዚህ የተገኘው መላ፣ የተተኮሰውን ቀለህ ከመሬት ለቅሞ እንደገና በአገር ባሩድና በአገር እርሳስ መሙላት ነበር። የዚያ ዘመን የፋብሪካ ጥይትም የሚሞላው በጥቁር ባሩድ ስለነበር፣ የአገር ቤቱ ባሩድ ብርታቱ ቢያንስም ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ ባዶ ቀለህ እንኳ የሚጣል ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ እንደ ባንክ ሠራተኛ ጥቂት ልቆይ። በዚያ ዘመን ጥይት፣ ከሁሉም የውጅግራው፣ በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሰጥና ይመለስ ነበር። ማርትሬዛ ብር ለትንሽ ግብይት ይከብዳል፤ አሞሌ ጨው ይሟሟል፤ ጥይት ግን አይሻግትም፣ አይሟሟም፣ ሁሉም ይፈልገዋል። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. በሩን ሲከፍት በየገጠሩ ገበያ የሚጠብቀው ተፎካካሪ ይህ ነበር። ያልተነካ የፋብሪካ ጥይትና በአገር ቤት የተሞላ ጥይት እኩል ዋጋ አልነበራቸውም። ጥይቱ ሐሰተኛ መሆኑ የሚታወቀው እንደ ሐሰተኛ ብር መስኮት ላይ አይደለም፤ ቃታው በተሳበ ጊዜ ነው።

ዛሬ በምንኖርበት በየካ አባዶ ሰው የቴሌቪዥን መለዋወጫ ሲፈልግ «ከመርካቶ ልግዛ ወይስ ከውጭ ላስመጣ?» ይላል፤ ያኔም ጥያቄው ይኸው ነበር። ልዩነቱ ላኪው መንግሥት መሆኑ ላይ ነው። በ1876 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዙ ሂዌት ጋር ዐድዋ ላይ ሲዋዋሉ፣ መሣሪያና ጥይትን ጨምሮ ዕቃቸው በምጽዋ በነፃ እንዲያልፍ ተፈረመላቸው። ዓመት ሳይሞላ ኢጣሊያ ምጽዋን ያዘች። ውሉ ከወረቀቱ ጋር ቀረ፤ በሩ በሌላ ሰው እጅ ገባ።

ምኒልክ ከዚህ የተማሩ ይመስለኛል። በአንድ በር አልታመኑም፤ ከታጁራም ከአሰብም፣ ከፈረንሳይም ከኢጣሊያም ይገዙ ነበር። ለነጋዴ ግን ምቹ ደንበኛ አልነበሩም። ራምቦ እንጦጦ ሲደርስ የሟቹን የላባቱትን ዕዳ ከዋጋው ቆረጡበት፤ ለቀረው ወደ 9,000 ማርትሬዛ የሚሆን ሒሳብ ሐረር ላይ ከደጃዝማች መኰንን የሚቀበለው ወረቀት ሰጡት። ሐረር ሲደርስ ጥሬ ገንዘብ የለም፤ ምጽዋ ላይ የሚመነዘር ሐዋላ ተጻፈለት። በዚያ ጉዞው ያገኘው ትርፍ ስለ መንገዱ የጻፈው ብቻ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

ከዚህ የበለጠው ግን የኢጣሊያው ሒሳብ ነው። በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ፤ ተከትሎም የሐረር ጉምሩክ መያዣ ሆኖ የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር መጣ። ሮም በብድርና በስጦታ ያሰረቻቸው መስሏት ነበር። በ1885 ዓ.ም. ትራቬርሲ የተባለው መልእክተኛ 2 ሚሊዮን ጥይት ይዞ ደረሰ። ጥይቱ ግምጃ ቤት ከገባ በኋላ፣ በየካቲት ወር ምኒልክ ውሉን ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት ጻፉ፤ ብድሩንም ከፈሉ። ከእኔ ሙያ አንጻር ይህን የመሰለ የተጣራ ሒሳብ አላየሁም። ሦስት ዓመት ቆይቶ ዐድዋ ሆነ።

ችግሩ ግን ጊዜ እየሄደ መጥበቁ ነው። የፈረንሳይ ለቤል ከወጣ ወዲህ ጭስ አልባው ባሩድ ተስፋፋ። ይህን ከከሰልና ከድኝ ማንም በጓዳው አያዘጋጀውም። ከጥይቱ የአገር ድርሻ የነበረችው ግማሽም ሄደች፤ ቀለህ ለቃሚው ባለሙያ ሥራ ፈታ። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣሊያ ጋር የመሣሪያ ግዢ ውል ብትፈራረምም፣ በ1927 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ሲያንዣብብ ለሁለቱም ወገን ሽያጭ ተከለከለ። ለራሷ ፋብሪካ ላላት ኢጣሊያ ክልከላው ምንም አልነበረም። የሚያስገርመው ያኔ በምስጢር የሸጠልን ሂትለር መሆኑ ነው፤ ኦስትሪያን በተመለከተ ሙሶሊኒ እንዲደክምለት ፈልጎ 10,000 ማውዘርና 10 ሚሊዮን ጥይት ላከ። ሲካፈል ለአንድ ጠመንጃ 1,000 ጥይት ነው። ማይጨው ላይ ይህ የት ይደርሳል?

ከማይጨው በኋላ ጫካ የገባው አርበኛ ወደብም፣ ባንክም፣ ላኪም አልነበረውም። የጥይት ገበያው ጠላት ራሱ ሆነ፤ ከማረከው ይታጠቃል፣ ከባንዳው ይገዛል ወይም ይነጥቃል። የጠመንጃ ምርጫውም ተገለበጠ። ጥሩ ጠመንጃ የሚባለው ብርቱው ወይም አዲሱ መሆኑ ቀርቶ፣ ጥይቱ በጠላት ዝናር ውስጥ ያለው ሆነ።