ገበያ ይሄዳል፣ ጎረቤት ይቀራል

በጣርማ በር ዋሻ የምናልፍበትን የደሴ መንገድ የሠራው ፋሽስት ጣሊያን ነው፤ በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.)። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ፣ የሸዋ ንግድ የሚደምቀው ከአንኮበር ቁልቁል ባለችው በአልዩ አምባ ነበር። ከሐረርና ከታጁራ የሚመጡ ሙስሊም ሲራራ ነጋዴዎች ዓርብ ዓርብ ይገበያዩባት ነበር። ግን በዚያው አቅራቢያ፣ በአብዱል ረሱል፣ የሰው ልጅም ይሸጥ ነበር። ትርፍ ሐቅን ሲረሳ እዚህ ይደርሳል።

አዲስ አበባ በ1879 ተቆረቆረች፤ ባቡሩም በ1909 ደረሰላት። ገበያው ወደዚያው አቀና። በአልዩ አምባ የቀረው መስጂዱና ጉርብትናው ነው።

ዛሬም ከተሞቻችን ሲያድጉ ሱቅና ፎቅ መሥራታችን ሐላል ነው። ሆኖም የጎረቤትን መተላለፊያ ዘግተን፣ የሰፈሩን አዛውንት አፈናቅለን መሆን የለበትም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የጎረቤትን ሐቅ አጥብቀው አስተምረውናል። አላህ ይርዳን።